«አልተለካም» የሚል ቃል

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የውሃውን ጠባይ የሚማረው ከማንቆርቆሪያ ነው። አዲስ ማንቆርቆሪያ ተገዝቶ ጥቂት ሳምንት ሻይ ከተፈላበት ውስጡ ነጭ ይለብሳል። ቆየት ሲል ነጩ ይወፍርና ቅርፊት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ስር ነጫጭ ነገር ይዘቅጣል። እንግዳ ያየ እንደሆነ ይደነግጣል፤ የድሬ ልጅ ግን ላይ ላዩን ጠጥቶ የታችኛውን ይደፋል። እናቶች ሎሚ ጨምቀው ያፈሉበታል፣ ቅርፊቱ ይለቃል፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። «ካልሲየም ነው አቦ!» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራሮቹ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ በዚያ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ፣ ኖራውን እያሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ስለዚህ ከተማዋ የምትጠጣው እንደ ሳቢያን ካሉ የጉድጓድ ቦታዎች በፓምፕ የሚወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ተራራው ሟሙቶ ቧንቧ ውስጥ ይገባል፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተወለደችው። የዚያን ዘመን ባቡር ደግሞ በእንፋሎት የሚሄድ፣ ውሃ የሚጠጣ ባቡር ነበር። ኖራ የበዛበት ውሃ የሚጠጣ የእንፋሎት ቦይለር በየጊዜው ካልታጠበ ውስጡ እንደ ማንቆርቆሪያው ይለብሳል። ቅርፊቱ እሳቱን ከውሃው ይለያል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል። ከብረትና ከኖራ ጋር የሚደረገው ትግል እንግዲህ በከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ትግሉ ግን ቦታ ቀይሮ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ ወጥቷል።

ከነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ስሙ እዚህ በማይጠራው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው አንድ ቴክኒሻን አሉ። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው ጥቂት ስለሆነ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ተለማማጅ እንኳ «ጋሼ አንተ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ አይቀየሙም። ከሥራቸው አንዱ የኩሊንግ ታወሩን ውሃ መጠበቅ ነው።

ኩሊንግ ታወር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ጋሼ እንዲህ ይላሉ፦ «ላብ ነው። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ይቀዘቅዛል። ማሽኑም ያልበዋል።» ማሽኑን ያቀዘቀዘው ውሃ ሞቆ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ እዚያ ከላይ ይረጫል፣ ማራገቢያው አየር ይነዳበታል፣ ጥቂቱ ይተናል፣ የቀረው ቀዝቅዞ ይመለሳል። የተነነው በአዲስ ውሃ ይተካል። ቀላል ነው።

ችግሩ የሚተነው ውሃው ብቻ መሆኑ ነው። ኖራውና ጨው አይተንም። ላብ ሲደርቅ ሸሚዝ ላይ ነጭ ጨው እንደሚቀረው ሁሉ ገንዳው ውስጥም ይቀራል። በየሰዓቱ ውሃ ሲተን፣ በየሰዓቱ ኖራ የያዘ አዲስ ውሃ ሲገባ፣ የገንዳው ውሃ እየወፈረ ይሄዳል። መላው ከወፈረው ጥቂቱን ማፍሰስና በአዲስ መተካት ነው። ሠራተኞቹ «ብሎውዳውን» ይሉታል።

ምን ያህል ይፈሰስ? ጥያቄው እዚህ ነው ያለው፤ መልሱ ደግሞ ጋሼ ደረት ኪስ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ የመሰለ መሣሪያ ነው። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ይባላል። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈው ውስጡ የሟሟው ጨው ነው። የመሣሪያው ጫፍ ውሃ ውስጥ ሲነከር ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንዳለፈ ይለካና በማይክሮ ሲመንስ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ የሟሟው ነገር በዝቷል ማለት ነው።

የሚገባው ውሃ 1,000 ቢያሳይና የገንዳው ውሃ 3,000 ቢያሳይ፣ ውሃው ሦስት እጥፍ ወፍሯል ማለት ነው። ሂሳቡ ከዚህ ይወጣል። 1,000 ሊትር በተነነ ቁጥር ውሃውን በሁለት እጥፍ ላይ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ሌላ 1,000 ሊትር ማፍሰስ አለበት። በሦስት እጥፍ ላይ ለማቆየት 500 ሊትር ይበቃል። በአምስት እጥፍ ላይ 250። አብዝቶ የሚያፈስ ውሃ ያባክናል፤ በሁለት እጥፍና በሦስት እጥፍ መሃል ያለው ልዩነት በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር 25 ጀሪካን ነው። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው 25 ጀሪካን ምን እንደሆነ ያውቃል። አሳንሶ የሚያፈስ ደግሞ ብረቱን ኖራ ያለብሳል። ኖራ ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ስስ ቅርፊት እንኳ ማሽኑን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል።

በነዚህ ሁለት ጥፋቶች መሃል ያለችው መንገድ ቀጭን ናት። መንገዷን የምታሳየው ያቺ ቁጥር ነች።

ጋሼ ቁጥሯን በሥርዓት ነው የሚይዟት። ናሙናው የሚቀዳው አዲሱ ውሃ ከሚገባበት ጥግ ሳይሆን ከሚዞረው ውሃ ላይ ነው። ኩባያው በዚያው ውሃ ሁለት ሦስቴ ይለቀለቃል። የመሣሪያው ጫፍ ላይ የአየር አረፋ እንዳይቀር ነቅነቅ ይደረጋል። ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ንባቡ ወደ 2% ገደማ ስለሚጨምር መሣሪያው ሙቀቱን አስልቶ በ25 ዲግሪ ልክ እንዲያነብ ተደርጎ መስተካከሉ ይታያል፤ አለዚያ በድሬ ሙቀት የ35 ዲግሪ ውሃ ያለ ጥፋቱ 20% ያህል ወፍሮ ይገኛል። በየሳምንቱ ደግሞ 1,413 ማንበብ ባለበት መፈተሻ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። 1,413 ካላለ ይስተካከላል። «ሚዛኑን ሳትመዝን ሥጋ አትመዝን» ይላሉ ጋሼ።

በአንድ ግንቦት ጋሼ ለቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ ወጡ። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ተመለሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መሳቢያውን ከፍተው መሣሪያውን አወጡና ቁልፉን ተጫኑ። አልበራም። ደግመው ተጫኑ። ባትሪው ሞቷል።

ከዚያ መዝገቡን ገለጡ።

በየአራት ሰዓቱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሁሉም መስመር ተሞልቷል። 2,350። 2,380። 2,340። 2,360። የፋብሪካው ገደብ 2,500 ነው፤ አንዱም ገደቡን አላለፈም፣ አንዱም ብዙ አልራቀም። ሦስት ሽፍት፣ ሦስት የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ዓይነት ውሃ። ከወረቀቱ ላይ የሚታየው ጥሩ ጤና ላይ ያለ ታወር ነው።

«ባትሪው መቼ ሞተ?» አሉት ሽፍት እያስረከበ የነበረውን ልጅ።

ልጁ ዝም አለ። ኮሌጅ ጨርሶ ከገባ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። «አንተ እንደሄድክ ነው ጋሼ፤ በማግስቱ» አለ በመጨረሻ።

አስራ አንድ ቀን። በቀን ስድስት፣ 66 ቁጥር። አንዱም አልተለካም። የመጀመሪያው ሰው ከበፊቱ ቀን ተመልክቶ ጻፈ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ አስር ጨመረበት፣ ሦስተኛው ሃያ ቀነሰ። ማንም ለብቻው ትልቅ ውሸት አልዋሸም። እያንዳንዱ ከበፊቱ ሰው ትንሽ ተበድሮ ነው የጻፈው።

ጋሼ ባትሪ ከሱቅ አስመጡ፣ አራት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች። መሣሪያውን በ1,413 ፈተሹት፣ ናሙና ቀዱ፣ ለኩ። 4,100። ደግመው ቀዱ፤ ያው። መዝገቡ ደህና ነው ስላለ የማፍሰሻውን ቫልቭ የከፈተ ሰው አልነበረም። ቫልቩ በእጅ የሚከፈት፣ ቁጥር ታይቶ የሚከፈት ቫልቭ ነው። ቁጥሩ ቆሞ ስለቀረ እጁም ቆመ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣው በግፊት ብዛት ራሱን አጠፋ። ተከፍቶ ሲታይ ቱቦዎቹ ውስጣቸው ነጭ ለብሷል። እንደ ማንቆርቆሪያው፤ ልዩነቱ በሎሚ የማይለቅ መሆኑ ነው። በአሲድ እስኪታጠብ ሥራ ቆመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የልጁ ስንፍና ታሪክ ይሆን ነበር። ጋሼ ግን ልጁን ከመክሰሳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ «ለምን ባዶ አልተውከውም?»

የልጁ መልስ መላው አገር የሚያውቀው መልስ ነው። ከወር በፊት በሌሊት ሽፍት ለክቶ 3,200 አግኝቶ ነበር። ያገኘውን ጻፈ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ተጠራ። ለምን ከፍ አለ? በማን ሽፍት ከፍ አለ? ማብራሪያ ጻፍ ተባለ። ሲወጣ አለቃው በመጨረሻ የነገሩት ቃል «ቁጥሩን አስተካክል» የሚል ነበር። አለቃው ምናልባት ውሃውን ማለታቸው ይሆናል። ልጁ የሰማው ወረቀቱን ነው። ስለ ባዶ መስመር ደግሞ ቀድሞውንም ያውቃል፤ ባዶ የተወ ሰው «ሥራ ላይ አልነበረም» ተብሎ ይቀጣል። ከፍ ያለ ቁጥር የጻፈ ይጠየቃል፣ ባዶ የተወ ይቀጣል፣ 2,350 የጻፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ሂሳብ ያውቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኛ አገር ስለ ውሸት ሪፖርት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ሰው ጠባይ ይሄዳል። ትውልዱ ተበላሸ፣ ሥነ ምግባር ጠፋ ይባላል። ይህ ልጅ ግን ተበላሽቶ አልመጣም። ሲመጣ እውነቱን ጽፎ ነበር፤ 3,200። የውሸት ቁጥር መጻፍን ያስተማረው ለእውነተኛው ቁጥር የተሰጠው መልስ ነው። ቅጹ ራሱ ተባባሪ ነው። ሁሉም ሳጥን እንዲሞላ ይጠይቃል፣ ያልተለካን ነገር ግን የሚጽፉበት ቦታ የለውም። ቦታ ካልሰጡት ሰው ቁጥር ይፈጥራል።

አራት ትንንሽ ባትሪ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ለምን በአስራ አንድ ቀን ውስጥ አልተገዛም? ማንም ስላልጠየቀ። ለምን አልተጠየቀም? መዝገቡ ሙሉ ስለነበረ። የመዝገቡ ባዶ ቦታ አፍ አለው፤ ያየው ሁሉ «ይህ ለምን ባዶ ሆነ?» ይላል፣ ባትሪም ይገዛል። በሐሰት የተሞላ ቦታ ግን አፉ ተዘግቷል። ለዚህ ነው የውሸት ቁጥር ከቁጥር ማጣት የሚከፋው። ቁጥር ያጣ ሰው እንዳላወቀ ያውቃል፤ የውሸት ቁጥር የያዘ ሰው ያወቀ ይመስለዋል።

ጋሼ በዚያው ቀን ቀይ እስክሪብቶ አነሱ። 66ቱን መስመሮች አንድ በአንድ ሰረዙ። ከእያንዳንዱ ጎን «አልተለካም» ብለው ጻፉ። ከታች ፈረሙበት፣ የሦስቱንም ሽፍት ሰዎች ጠርተው አስፈረሙ። አለቃው ሲያዩት ተቆጡ፤ ኦዲት ይመጣል፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ያሳፍራል አሉ። ጋሼ «የሚያሳፍረውማ በፊት የነበረው ነው፤ ይኼኛው ገና አሁን እውነት ሆነ» አሏቸው። አለቃው መልስ አልሰጡም። በሳምንቱ ግን መሳቢያው ውስጥ መለዋወጫ ባትሪ ተቀመጠ፣ በቅጹ ላይም «ካልተለካ ምክንያቱ» የምትል አንዲት ጠባብ አምድ ተጨመረች።

ልጁ አልተባረረም። አሁን ከሁሉ በላይ በአምዷ የሚጠቀመው እሱ ነው። «መብራት ጠፍቶ ጣሪያው ላይ መውጣት አልተቻለም፤ አልተለካም።» «መሣሪያው 1,413 አላነበበም፤ እስኪስተካከል አልተለካም።» እንዲህ ያሉ መስመሮች ባሉበት መዝገብ ላይ 2,350 የሚል ቁጥር ሲገኝ ሰው ያምነዋል።

ቁጥር ሁሉን ያውቃል ማለት ግን አይደለም። ይህንንም የሚናገሩት ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን ቤታቸው ውስጥ የቧንቧውን ውሃ ለኩት። ባለቤታቸው «እህ፣ ምን አለ? ይጠጣል?» አሏቸው። ጋሼ መሣሪያውን አዩት፣ ከዚያ «እሱን አያውቅም» አሉ።

እውነት ነው፤ አያውቅም። ኮንዳክቲቪቲ የሟሟ ነገር መብዛት ማነሱን እንጂ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አይናገርም። ካልሲየምን ከናይትሬት አይለይም። ልዩነቱ ደግሞ ትልቅ ነው። ሰው የሚፈራው ማንቆርቆሪያው ላይ የሚያየውን ነጭ ቅርፊት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለካልሲየሙ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም። ገደብ ያስቀመጠው ለማይታየው ናይትሬት ነው፤ በሊትር 50 ሚሊግራም፣ በተለይ ለጨቅላ ሕጻናት ሲባል። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ናይትሬትን ደጋግመው አንስተዋል። ቀለም የለውም፣ ማንቆርቆሪያ አያለብስም፣ ሎሚ አያስለቅቀውም።

ጀርምንም ቢሆን መሣሪያው አያይም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ባልታወቀ የሳንባ በሽታ ወደቁ። ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 29 የስብሰባው ተካፋዮች ሞቱ። ወራት ፈጅቶ የተገኘው ባክቴሪያ በስማቸው ሌጂዮኔላ ተባለ፤ ጣቱም የተቀሰረው ወደ ሕንጻው ማቀዝቀዣ ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኩሊንግ ታወርን ውሃ መጠበቅ ብረት የማዳን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የሚያልፈውን፣ ጤዛውን የሚተነፍሰውን ሰው የማዳን ጉዳይም ሆኗል። ለዚያ ግን ሌላ ምርመራ፣ ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል። «ኮንዳክቲቪቲው ደህና ነው» ያለ ሰው «ውሃው ደህና ነው» አላለም። አንዱን ለክቶ ሌላውን እንደለካ ማስመሰልም የ66ቱ መስመሮች ዘመድ ነው።

የጋሼ ባለቤት ያነሱት ጥያቄ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። በዚህች ከተማ የብረቱ ውሃ በቀን ስድስት ጊዜ ይለካል፣ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል፤ የሚመጡት ፋብሪካዎችም የየራሳቸውን ውሃ በየሰዓቱ እየለኩ ይሠራሉ። ያንኑ የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጣ ሰው ደጁ ላይ የሚያነበው መዝገብ ቢኖረው ምን ነበረበት? በየቀበሌው፣ በየቦኖው አጠገብ አንድ ወረቀት፦ ናይትሬት ይህን ያህል፣ ክሎሪን ይህን ያህል፣ የተለካበት ቀን። ውድ ነገር አይደለም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ ያልተለካበትን ሳምንት «አልተለካም» ብሎ መለጠፍ። ለዚያ ከሚለካው ባለሙያ በላይ የማይቆጣ አለቃ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን አንብቦ ከመሳደብ በፊት «ለምን? ምን ጎደላችሁ?» የሚል ነዋሪም ያስፈልጋል።

ጋሼ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። መሣሪያውን ለልጁ ያስረክባሉ። ልጁ ሽፍት ሲረከብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አሁን ታውቋል፤ ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቱን ያያል፣ ከዚያ ብቻ እስክሪብቶውን ያነሳል።

እቤት ያለው ማንቆርቆሪያም ያው ነው። በወሩ ነጭ ይለብሳል፣ በሎሚ ይታጠባል። የጋሼ ባለቤት አሁንም ይጠይቃሉ፦ «እህ፣ ይጠጣል?»

ጋሼም እስካሁን አንድ መልስ ነው ያላቸው። «እሱን አልለካሁትም።»